የሜዲኬር እና የሜዲኬይድ ቁጥርዎን ከማንነት ሌቦች መጠበቅ

በአሜሪካ ክሊኒክ ወይም ሆስፒታል ሲሄዱ መጀመሪያ የሚጠየቁት የኢንሹራንስ ካርድዎን ነው። ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች፣ እንዲሁም አንዳንድ የአካል ጉዳት ያለባቸው ወይም ኩላሊታቸው ሥራ ያቆመ ታካሚዎች ሜዲኬር የሚባለውን የፌዴራል መንግሥት ኢንሹራንስ ይጠቀማሉ። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑ ደግሞ በየግዛቱ የሚተዳደረውን ሜዲኬይድ ይጠቀማሉ። በእነዚህ ካርዶች ላይ ያለው ቁጥር ሌላ ሰው እጅ ከገባ ያ ሰው በስምዎ ሊታከም፣ መድኃኒት ሊወስድ ወይም ያልተሰጠ ሕክምና እንደተሰጠ አድርጎ መንግሥትን ገንዘብ ሊጠይቅ ይችላል። ይህ የሕክምና ማንነት ስርቆት ይባላል።

ብዙ ሰዎች ይህን ሲሰሙ «ገንዘቡ የመንግሥት ነው፤ ከእኔ ኪስ ምንም አልወጣም» ይላሉ። ነገር ግን ስርቆቱ የታካሚውን ጤናና ሕክምና የማግኘት መብት ሊጎዳ ይችላል። ይህ ጽሑፍ ስርቆቱ እንዴት እንደሚፈጸም፣ እንዴት ቶሎ እንደሚታወቅ እና ከደረሰ ምን ማድረግ እንዳለብዎ ያስረዳል።

ስርቆቱ ጤናዎን እንዴት ይጎዳል?

የሕክምና ፋይልዎ ይበላሻል። ሌላ ሰው በስምዎ ሲታከም የእሱ የደም ዓይነት፣ አለርጂ፣ በሽታና መድኃኒት በእርስዎ ፋይል ላይ ይጻፋል። ራስዎን ስተው ድንገተኛ ክፍል ቢገቡ ሐኪሙ የሚያነበው ያንን ፋይል ነው። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ፋይል ላይ «አለርጂ የለውም» ተብሎ ቢገኝ የሚያስከትለውን አደጋ መገመት አያዳግትም።

ጥቅማጥቅምዎ አስቀድሞ ሊያልቅ ይችላል። ሜዲኬር ለአንዳንድ የሕክምና ዕቃዎችና ምርመራዎች የሚከፍለው በተወሰነ ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሌባው በስምዎ የጀርባ ወይም የጉልበት መደገፊያ ካስከፈለ፣ እርስዎ በእርግጥ በሚያስፈልግዎ ጊዜ «ቀደም ሲል ተከፍሎልዎታል» ተብለው ሊከለከሉ ይችላሉ።

ሳያውቁ ሆስፒስ ውስጥ ሊመዘገቡ ይችላሉ። ሆስፒስ ማለት ሐኪሞች ከስድስት ወር በላይ ላይኖር ይችላል ብለው ላረጋገጡለት በሽተኛ ሕመሙን ለማስታገስ የሚሰጥ እንክብካቤ ነው። ሆስፒስ የመረጠ ሰው ያንን በሽታ ለማዳን የሚሰጠውን ሕክምና ሜዲኬር እንዳይከፍልለት ይስማማል። አንዳንድ አጭበርባሪዎች «ነጻ የቤት ውስጥ እርዳታ» ወይም «ነጻ የምግብ አቅርቦት» በሚል ሰበብ ቁጥርና ፊርማ ተቀብለው ጤነኛ አረጋውያንን ሆስፒስ ውስጥ አስመዝግበዋል። ሰዎቹ ይህን የሚያውቁት ሐኪማቸው ዘንድ ሄደው ኢንሹራንሱ አልከፍልም ሲል ነው።

ሌቦች ቁጥሩን እንዴት ያገኙታል?

በስልክ። የተለመደው መንገድ ይህ ነው። ደዋዩ ከሜዲኬር፣ ከሶሻል ሴኩሪቲ ወይም ከሐኪምዎ ቢሮ ነኝ ይላል። ስልክዎ ላይ የሚታየው ቁጥር የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቁጥር ሊመስል ይችላል፤ ያንን በኮምፒውተር ማስመሰል ቀላል ነው። ደዋዩ ስምዎንና አድራሻዎን ሊያውቅ፣ በአማርኛም ሊያናግርዎ ይችላል። ይህ ሁሉ ትክክለኛ ሰው ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም።

«ነጻ ነው» በሚል ስጦታ። በኤፕሪል 2019 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ይፋ ባደረገው አንድ የወንጀል ምርመራ፣ አጭበርባሪዎች ለአረጋውያን እየደወሉ ነጻ የጀርባ፣ የትከሻና የጉልበት መደገፊያ እንልካለን በማለት ከ1.2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ አድርሰዋል። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር በካንሰር የዘረመል ምርመራ ስም የተፈጸመ ከ2.1 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሆነ የማጭበርበር ክስ ይፋ ሆነ። በጁን 2025 ደግሞ ከ1 ሚሊዮን በላይ በሆኑ አሜሪካውያን የተሰረቀ ማንነት ለሽንት ቱቦና ለሌሎች የሕክምና ዕቃዎች 10.6 ቢሊዮን ዶላር መጠየቁን ሚኒስቴሩ አስታውቋል። የዕቃው ዓይነት ቢቀያየርም ዘዴው አንድ ነው፤ አጭበርባሪው የሚፈልገው የካርድዎን ቁጥር ነው።

በአዳራሽና በመንገድ ዳር። በጤና ትርኢት፣ በአረጋውያን ማዕከል፣ በገበያ ማዕከል ወይም በአምልኮ ቦታ አጠገብ ጠረጴዛ ዘርግተው ጉንጭ በጥጥ የሚጠርጉ ወይም የደም ግፊት የሚለኩ ሰዎች ሊያጋጥሙዎ ይችላሉ። ብዙዎቹ ትክክለኛ የጤና ባለሙያዎች ናቸው። የደም ግፊት ለመለካት ግን የሜዲኬር ቁጥር አያስፈልግም። የዘረመል ምርመራም ቢሆን ሊያዝልዎ የሚገባው እርስዎን የሚያውቅ ሐኪም ነው።

ከድርጅቶች ኮምፒውተር። በፌብሩዋሪ 2024 ቼንጅ ሄልዝኬር የተባለው የሕክምና ክፍያ አቀናባሪ ድርጅት ተጠልፎ የ190 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መረጃ ለስርቆት ተጋልጧል። ስለዚህ እርስዎ ምንም ሳያጠፉ ቁጥርዎ ሊወጣ ይችላል። መጠንቀቅ ብቻውን የማይበቃውና የሚላክልዎን ደብዳቤ ማንበብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ከቅርብ ሰው። አንዳንድ ጊዜ ቁጥሩን የሚወስደው የሚያውቁት ሰው፣ ረዳት ወይም ዘመድ ነው።

እውነተኛው መሥሪያ ቤት ምን አያደርግም?

ሜዲኬር እርስዎ ሳይጠይቁ ደውሎ ቁጥርዎን አይጠይቅም፤ ምንም ነገርም አይሸጥም። ሊደውልልዎ የሚችለው እርስዎ ቀደም ብለው ደውለው መልእክት ከተዉ ነው። በግል ኢንሹራንስ በኩል የሚሰጥ የሜዲኬር ፕላን ካለዎት ያ ፕላን ሊደውልልዎ ይችላል፤ እሱ ግን ቁጥርዎ ቀድሞውኑ በእጁ አለ።

የሜዲኬር ካርድ ከወረቀት የተሠራ ነው። «አዲስ የፕላስቲክ ካርድ ወጥቷል፤ ቁጥርዎን ያረጋግጡ» ብሎ የሚደውል ሰው አጭበርባሪ ነው። ካርዱ ቢጠፋብዎ ምትኩ በነጻ ይሰጥዎታል።

ከኤፕሪል 2018 ጀምሮ የተላኩት የሜዲኬር ካርዶች የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የለባቸውም። በምትኩ 11 ፊደላትና አኃዞች ያሉት የሜዲኬር መለያ ቁጥር አለባቸው። ለውጡ የተደረገው ሰዎችን ከማንነት ስርቆት ለመጠበቅ ነው። አሁንም የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ያለበት አሮጌ ካርድ ቤትዎ ውስጥ ካለ ቆራርጠው ይጣሉት።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት በስጦታ ካርድ እንዲከፍሉ አይጠይቅም፤ «ዛሬ ካልከፈሉ ፖሊስ ይመጣል» ወይም «ጥቅማጥቅምዎ ይቋረጣል» ብሎም በስልክ አያስፈራራም። በተለይ ከኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7 ባለው የሜዲኬር ምዝገባ ወቅት እንዲህ ዓይነት ጥሪ ስለሚበዛ ይጠንቀቁ።

ይሉኝታና ስልክ መዝጋት

በእኛ ባህል በትሕትና የሚያናግርን ሰው ስልክ መዝጋት ነውር ይመስላል። በተለይ አረጋውያን ደዋዩ «እናቴ»፣ «አባቴ» ብሎ ሲያናግራቸው እምቢ ማለት ይከብዳቸዋል። አጭበርባሪዎችም በዚህ ትሕትና ይጠቀማሉ። ስለዚህ ምን እንደሚሉ አስቀድመው ያዘጋጁ። ለምሳሌ፦

- «በስልክ ቁጥር አልሰጥም። ራሴ ወደ ሜዲኬር እደውላለሁ።»
- «እንዲህ ያለውን ጉዳይ የምትከታተልልኝ ልጄ ናት፤ ደብዳቤ ይላኩልን።»

ይህን ብለው ስልኩን ይዝጉ፤ ደዋዩ እስኪስማማ መጠበቅ የለብዎትም። ከዚያ ካርድዎ ጀርባ ላይ ወይም በዚህ ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ባለው ቁጥር ራስዎ ይደውሉ። ደዋዩ በሰጠዎት ቁጥር መልሰው አይደውሉ።

ካርድ ማዋስ

አዲስ የመጣ ዘመድ ኢንሹራንስ ሳይኖረው ቢታመም «በእኔ ካርድ ታከም» ማለት ደግነት ይመስላል። በሕግ ግን ማጭበርበር ነው፤ ካርዱን የሰጠውም የተጠቀመበትም ሊጠየቁ፣ ጥቅማጥቅሙም ሊቋረጥ ይችላል። በዚያ ላይ የሁለት ሰዎች ሕክምና አንድ ፋይል ላይ ይቀላቀላል፤ ዘመድዎም በፋይሉ ላይ ባለው የእርስዎ መረጃ የተሳሳተ መድኃኒት ሊሰጠው ይችላል።

ኢንሹራንስ ለሌለው ሰው ሌላ መንገድ አለ። በፌዴራል መንግሥት የሚደገፉ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች በገቢ መጠን እያስከፈሉ ያክማሉ፤ የመክፈል አቅም የለህም ብለው አይመልሱም። ከ1986 ጀምሮ ባለው ሕግ መሠረት ሜዲኬር የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ድንገተኛ ክፍላቸው የመጣን ሰው ኢንሹራንስ ባይኖረውም መመርመርና ለሕይወት የሚያሰጋ ሁኔታ ካለበት ማረጋጋት አለባቸው። ብዙ ሆስፒታሎች ገቢው አነስተኛ ለሆነ ታካሚ ቢል የሚቀንሱበት ፕሮግራምም ስላላቸው የሆስፒታሉን የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ይጠይቁ።

እንዲሁም ለካርድ ቁጥርዎ ገንዘብ ወይም ስጦታ ከሚሰጥ ሰው አይቀበሉ። የቤት ውስጥ ረዳት ካለዎት፣ ያልሠራችበትን ሰዓት እንደሠራች አድርገው አይፈርሙ። ባዶ ቅጽ ላይም አይፈርሙ።

ስርቆቱን ቶሎ የሚያሳይ ደብዳቤ

መደበኛውን ሜዲኬር የሚጠቀሙ ከሆነ በስምዎ የተከፈለውን ሁሉ የሚዘረዝር ደብዳቤ በየተወሰኑ ወራት በፖስታ ይላክልዎታል። ሜዲኬር ሰመሪ ኖቲስ ይባላል። የግል ኢንሹራንስ ፕላን ወይም የመድኃኒት ፕላን ያላቸው ደግሞ ኤክስፕላኔሽን ኦቭ ቤኔፊትስ የሚባል ተመሳሳይ ደብዳቤ ይደርሳቸዋል። ሜዲኬር ሰመሪ ኖቲስ ላይ «ይህ ቢል አይደለም» የሚል በእንግሊዝኛ ስለተጻፈበት ብዙ ሰው ሳያነብ ይጥለዋል። ሆኖም ስርቆትን ለማወቅ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም።

እንዲህ አድርገው ያንብቡት፦

1. ሐኪም ዘንድ በሄዱ ቁጥር ቀኑን፣ የክሊኒኩን ስምና የተደረገልዎን ነገር በማስታወሻ ደብተር ላይ በአማርኛ ይጻፉ።
2. ደብዳቤው ሲመጣ ከደብተርዎ ጋር ያስተያዩ። በዚያ ቀን እዚያ ነበሩ? ያንን ዕቃ ወይም ምርመራ አግኝተዋል? አንድ አገልግሎት ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል?
3. እንግሊዝኛ የማያነቡ ከሆነ የቤተሰብ አባል ያንብብልዎ። ቀኖቹንና ቁጥሮቹን ራስዎም መመልከት ይችላሉ።
4. ደብዳቤውን ቢያንስ ጥያቄዎ እስኪፈታ ድረስ ያስቀምጡት። ሲጥሉት ቀዳደው ይጣሉት።

የማያውቁት ስም ሁሉ ሌባ አይደለም። ኤክስሬይዎን ያነበበው ሐኪም፣ ደምዎን የመረመረው ላቦራቶሪ ወይም በቀዶ ሕክምና ጊዜ ማደንዘዣ የሰጠው ባለሙያ ፊታቸውን ሳያዩዋቸው ለየብቻ ሊያስከፍሉ ይችላሉ።

የስም መመሳሰልም አለ። የእኛ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል በተለያየ መንገድ ይጻፋል፤ የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ሲወሰድ ብዙ ሰዎች አንድ ዓይነት ስም ይኖራቸዋል። ትክክለኛ የልደት ቀናቸው ባለመታወቁ ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተመዘገበላቸው ስደተኞችም አሉ። ስለዚህ ክሊኒኩ የሌላ ታካሚ ሕክምና በስህተት በእርስዎ ስም ጽፎ ሊሆን ይችላል። ስህተት ቢሆንም መታረም አለበት። ወደፊት እንዳይደገም፣ በቀጠሮ ቀን ስምዎ በካርዱ ላይ እንዳለው መጻፉን፣ የልደት ዓመትዎንና አድራሻዎን አብረው ያረጋግጡ።

የቤተሰብ አባላት ምን ማድረግ ይችላሉ?

- ለወላጆችዎ የሚመጣውን ደብዳቤ በወር አንድ ቀን አብራችሁ ክፈቱ።
- ወላጅዎ ቁጥራቸውን ለአጭበርባሪ ከሰጡ አይቆጡ። የተቆጡት ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ይደብቃል፤ የተደበቀ ስርቆት ደግሞ ለወራት ይቀጥላል።
- ወላጅዎን ወክለው ሜዲኬርን ለማነጋገር የእሳቸው የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልግዎታል። ቅጹን አስቀድመው ይሙሉ።
- ያልታዘዘ ዕቃ በፖስታ ከመጣ አይቀበሉ፤ ከተቀበሉም የላኪውን ስምና የመጣበትን ቀን ይጻፉ።
- የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ ቤት ውስጥ ይቀመጥ፤ በቦርሳ አይያዝ።

የምግብ እርዳታ ካርድ

ፉድ ስታምፕ የሚቀበሉ ከሆነ የኢቢቲ ካርድዎንም ይጠብቁ። ሌቦች የሱቅ ካርድ ማንበቢያ ላይ ትንሽ መሣሪያ ገጥመው ቁጥሩንና የሚስጥር ቁጥሩን ይቀዳሉ፤ ገንዘቡ በገባበት ሌሊትም ይወስዱታል። ከዲሴምበር 20 ቀን 2024 በኋላ የተሰረቀ የምግብ እርዳታ በፌዴራል ገንዘብ አይተካም። ስለዚህ ገንዘቡ ከሚገባበት ቀን በፊት በየወሩ የሚስጥር ቁጥርዎን ይቀይሩ፤ እንደ 1234 ያለ ቀላል ቁጥር አይጠቀሙ። ማንበቢያው የላላ ወይም የተለጠፈበት ነገር ያለው ከመሰለዎት በሌላ ይክፈሉ። በብዙ ግዛቶች ካርዱን በማይጠቀሙበት ጊዜ በስልክ መተግበሪያ መቆለፍ ይቻላል። ገንዘብ ከጎደለ ካርዱ ጀርባ ላይ ባለው ቁጥር ወዲያውኑ ደውለው ካርዱን ያዘጉ።

ቁጥርዎ ተሰርቋል ብለው ካሰቡ

1. መጀመሪያ ክሊኒኩ ወይም የዕቃ አቅራቢው ዘንድ ደውለው ስህተት መሆን አለመሆኑን ይጠይቁ። ስለ ድርጅቱ ምንም የማያውቁ ከሆነ ይህን ትተው ወደሚቀጥለው ይለፉ።
2. ወደ ሜዲኬር ይደውሉ። ቁጥርዎ ከተሰረቀ አዲስ ቁጥር ሊሰጥዎ ይችላል። ሳይስማሙ ሆስፒስ ውስጥ ከተመዘገቡም ይንገሯቸው። ሜዲኬይድ ከሆነ ካርድዎ ላይ ባለው ቁጥር ይደውሉ፤ የሜዲኬይድ ማጭበርበርን የሚመረምር ክፍል በሁሉም ግዛቶች አለ።
3. ሲኒየር ሜዲኬር ፓትሮል የተባለው ፕሮግራም በየግዛቱ ነጻ እርዳታ ይሰጣል። ደብዳቤዎን አብረው ያነባሉ፤ አቤቱታ ማቅረብም ያግዝዎታል።
4. የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርዎም ከወጣ ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፔሪያን እና ትራንስዩኒየን የተባሉትን ሦስቱን የክሬዲት ድርጅቶች እየደወሉ ክሬዲትዎን ያስቆልፉ። በሕግ ነጻ ነው።
5. የሕክምና ፋይልዎን ቅጂ ይጠይቁ። የማግኘት መብት አለዎት። የእርስዎ ያልሆነ ነገር ካለ እንዲታረም በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ሐኪምዎም እንዲያውቅ ያድርጉ።
6. ያነጋገሩትን ሰው ስም፣ ቀኑንና የተሰጠዎትን የጉዳይ ቁጥር ይመዝግቡ።

አንዳንድ ሰዎች «ሪፖርት ካደረግሁ ጥቅማጥቅሜ ይቋረጣል» ብለው ይፈራሉ። በስርቆት የተጎዳ ሰው በማመልከቱ ጥቅማጥቅሙን አያጣም። ዝም ሲባል ግን በስምዎ የሚጻፈው ሐሰት እየበዛ ይሄዳል።

አስፈላጊ ስልኮች

ሲደውሉ «አምሃሪክ ኢንተርፕረተር፣ ፕሊዝ» ካሉ አማርኛ አስተርጓሚ በነጻ እንዲገባልዎ መጠየቅ ይችላሉ። አስተርጓሚው እስኪገናኝ ስልኩን አይዝጉ።

- ሜዲኬር፦ 1-800-633-4227 (በማንኛውም ሰዓት)
- ሲኒየር ሜዲኬር ፓትሮል፦ 1-877-808-2468
- የፌዴራል ጤና ሚኒስቴር ዋና ኢንስፔክተር የጥቆማ መስመር፦ 1-800-447-8477
- ሶሻል ሴኩሪቲ፦ 1-800-772-1213
- የሶሻል ሴኩሪቲ ማጭበርበር ጥቆማ፦ 1-800-269-0271
- የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የማንነት ስርቆት መስመር፦ 1-877-438-4338

ከሚከተሉት አንዱ ካጋጠመዎ ዛሬውኑ ይደውሉ፦

- ያላገኙት ሕክምና ወይም ዕቃ ደብዳቤው ላይ ካዩ
- ሐኪምዎ ወይም ፋርማሲው «ሆስፒስ ውስጥ ነዎት» ካለዎት
- ፋይልዎ ላይ የሌለብዎ በሽታ ወይም የማይወስዱት መድኃኒት ከተጻፈ
- ላልወሰዱት ሕክምና ገንዘብ እንዲከፍሉ ከተጠየቁ
- ቁጥርዎን በስልክ ለማያውቁት ሰው ከሰጡ

ጥያቄ ካለዎት ሐኪምዎን፣ ነርስዎን ወይም የክሊኒኩን የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ያነጋግሩ።